በብርሃን የሚለወጥ ሬዚስተር ቮልትን እንዴት እንደሚያካፍል

በቢቸናም በሞጣም አገር ዶሮ በቆጡ ላይ የምትሰፍረው ሰዓት ተነግሯት አይደለም፤ ብርሃን ሲጎድል ታውቃለች እንጂ። ሲመሽ ያለ ሰው እጅ የሚበራ መብራትም እንዲሁ ነው።

ሬዚስተር ማለት የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ ነው፤ የመግታቱም መጠን በኦም ይለካል። ከነዚህ አንዱ ግን ጠባዩ ልዩ ነው፤ በጨለማ አጥብቆ ይገታል፥ ብርሃን ሲያርፍበት ይለዝባል። በመልኩም ከሽምብራ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፥ በፊቱ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ያለበት፥ ባለ ሁለት እግር ነው። ይህንን ጠባይ አስቀድሞ የገለጠው ዊሎቢ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በባሕር ውስጥ የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ ሽቦ ሊመረምርበት ሴሌኒየም ቢያዘጋጅ፥ ልኩ እየተለዋወጠ አስቸገረው፤ ምክንያቱም ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ታወቀ። ኋላ ካድሚየም ሰልፋይድ የሚባለው በሴሌኒየም ፈንታ ገባ።

ቮልትን ስለ ማካፈል ግን ሽማግሌዎች ከተማሪዎች ፈጥነው ሳያስተውሉ አይቀሩም። አንድ ግብር በሁለት ወንድማማች ላይ እንደ መሬታቸው ስፋት ተደለደለ እንበል። የአንዱ መሬት ቢሰፋ፥ ጠቅላላው ግብር ሳይጨመር፥ የእርሱ ዕዳ ይበዛል፥ የወንድሙም ይቀንሳል። እንግዲህ 4 የባትሪ ድንጋይ ተከታትሎ ሲገጠም 6 ቮልት ይሰጣል። ይህንን 10,000 ኦም የሆነ የማይለወጥ ሬዚስተርና ብርሃን የሚለውጠው ሬዚስተር በአንድ መስመር ተከታትለው ይካፈሉት። በቀን የሁለተኛው ልክ 2,000 ኦም ቢሆን፥ 1 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል፤ 5ቱ ለወንድሙ ነው። ሲመሽ ወደ 50,000 ኦም ቢወጣ፥ 5 ቮልት የእርሱ፥ 1 ቮልት የወንድሙ ይሆናል። ባትሪው አልበረታም፥ አልደከመም፤ ድልድሉ ብቻ ተለወጠ።

ይህ 5 ቮልት ግን አምፑሉን በራሱ አያበራም፤ በዚያ መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነውና። ትራንዚስተር ለሚባል በር ጠባቂ ምልክት ይሰጣል እንጂ፤ እርሱም ቮልቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ የአምፑሉን መንገድ ይከፍታል። ተማሪ ምልክቱን ከማይለወጠው ሬዚስተር ላይ ቢወስድ መብራቱ በቀትር ይበራል፥ በሌሊት ይጠፋል፤ መምህሩም ሳይቆጣ በቮልት መለኪያ ሁለቱን በየተራ እንዲለካ ያድርገው። ሬዚስተሩ የአምፑሉ ብርሃን ከሚያርፍበት ስፍራ ቢቀመጥም፥ መብራቱ በበራ ጊዜ ቀን የሆነ መስሎት ያጠፋዋል፥ መልሶም ያበራዋል፤ ስለዚህ ጀርባውን ለአምፑሉ ሰጥቶ ወደ ሰማይ ይመልከት።

ሙከራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ካድሚየምም መርዝ ስለ ሆነ የተሰበረውን ሕፃናት አይንኩት። በክረምት ከጮቄ ጭጋግ ወርዶ ሰማዩን ሲያከብደው መብራቱ በ10 ሰዓት ቢበራ ግን ዕቃው አልተበላሸም፤ ለእርሱ መሽቷል።