የትራክተር ባትሪ ለምን ይደክማል?

በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ እንዲሁም ወደ ጎሮና ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብዙ ስንዴና ገብስ ይመረታል። አገሩ ሜዳማ ስለሆነ ለትራክተር እርሻ ይመቻል። በ1970ዎቹ ዓመታት የመንግሥት እርሻዎች በባሌና በአርሲ ሰፊ መሬት በትራክተር ያርሱ ነበር። በዚያው ዘመን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ከሶቪየት ኅብረት በመጣ ዕቃ ትራክተር ይገጣጠም ነበር። ዛሬ ደግሞ ገበሬው ራሱ ትራክተርና ኮምባይነር ይከራያል። በማኅበር ሆኖ የሚገዛም አለ። ብዙዎቹ መኪናዎች ያረጁ ናቸው።

በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። የበልጉ ሰብል በሐምሌና በነሐሴ ሲደርስ ሌላው ዝናብ ከኋላው ይመጣል። በዚያን ጊዜ ኮምባይነር አልነሳ ብሎ ጥቂት ቀን ቢቆም፣ ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ ሊበቅል ይችላል። የዓመት ልፋት ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

መኪናው አልነሳ የሚለው ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሞ ነው። ባትሪው የደከመበት ምክንያት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳይመረምር አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም ሳይቆይ ይደክማል።

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከዚህ ጎተራ ብዙ ኤሌክትሪክ ይዝቃል። የተዛቀውን መልሶ የሚሞላው ዲናሞ ነው። ሞተሩ ሲዞር ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል። በዲናሞው ውስጥ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አለ። ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ነገር በ1831 በፈረንጆች አቆጣጠር የደረሰበት ማይክል ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው ሳይንስ የተማረው።

ዲናሞ ሁለት ዓይነት ነው። የጥንቱ ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር አይሞላም፤ ነዳጅ ሲሰጠው ነው የሚሞላው። ሁለተኛው አልተርኔተር ይባላል። በመኪና ላይ እየተስፋፋ የመጣው በፈረንጆች ከ1960 ወዲህ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ቢዞርም ይሞላል። በአገራችን ሁለቱንም ዲናሞ ነው የምንላቸው።

የቀድሞ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ያለ ባትሪ ይዞራል። ስለዚህ ዲናሞው ቢበላሽም ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል፤ ምንም አይታወቀውም። ማታ ያጠፋዋል። ጠዋት በባሌ ብርድ ላስነሳ ሲል ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ብርድ ባትሪውን ያደክማል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። ጉዳቱ ግን የደረሰው ትናንት ነው።

ታዲያ ቀድሞ እንዴት ይታወቃል? ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ የባትሪ ሥዕል አለባት። ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ሞተሩ ተነስቶ እሷ ካልጠፋች ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራችስ? አምፖሏ ተቃጥሎ ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን በብዙ አልተርኔተሮች መነሻውን ኤሌክትሪክ ወደ ዲናሞው የምታሳልፈው ይህቺው አምፖል ናት። እሷ ከተቃጠለች ደህናው ዲናሞ ሥራ ሳይጀምር ሊቀር ይችላል። የአንዲት አምፖል ዋጋ ስንት ነው? የዲናሞስ?

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን ማየት ነው። ከሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል፤ ሲነሳም ይጮኻል። የዲናሞውን ቡሎን አላልቶ፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፍቶ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። በጣም ማጥበቅም አይገባም፤ ኩሽኔታውን ይበላል። ቺንጋው ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ከጠጣ ይቀየር። በብዙ ትራክተሮች ይኸው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕም ያዞራል። ስለዚህ በሥራ ላይ ቀይዋ መብራት ድንገት ከበራች ሞተሩን ወዲያው ማቆም ይገባል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ይጋላል፣ ይነክሳል።

ቺንጋው ደህና ከሆነ ወደ ባትሪው መሄድ ነው። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ከተጋገረ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መጀመሪያ የኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ሽቦ መፍታት፣ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በብሩሽ ማጽዳት፣ አድርቆ ማጥበቅ ነው። ሲመለስ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ከባትሪው ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደውን ሽቦ አትርሱ። ጭቃና ዝገት ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ቴስተር ያለው ሰው በቁጥር ያረጋግጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12 ካሳየ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቴስተሩን ከዲናሞው ጀርባ፣ ወፍራሙ ሽቦ ከሚወጣበት ላይ ማድረግ ነው። እዚያ 14 አሳይቶ ባትሪው ላይ 12 ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በመካከል ያለው ሽቦ ነው። እዚያም ዝቅተኛ ከሆነ ካርቦኑ አልቆ ወይም ሌላ ውስጡ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ለባለሙያ ይሰጥ። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

አንድ የቆየ ልማድ አለ። ዲናሞው መሙላቱን ለማወቅ ሞተሩ እየዞረ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላሉ። ሞተሩ ካልጠፋ «ይሞላል» ይላሉ። ለናፍጣ ሞተር ይህ ምንም አያስረዳም፤ ያለ ባትሪ እንደሚዞር አይተናል። አልተርኔተር ከሆነ ደግሞ በቅጽበት ውስጡ ሊቃጠል ይችላል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አዛብቶ ማሰርም እንዲሁ ሊያቃጥለው ይችላል። በኮምባይነሩ አካል ላይ ብየዳ ሲደረግ አስቀድሞ ባትሪውንም የአልተርኔተሩንም ሽቦ መፍታት ያስፈልጋል።

ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። አጠገቡ ሲጋራና ክብሪት አይቅረብ። ውስጡ ያለው አሲድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ጨው ስላለው ያበላሸዋል። አሲድም አይጨመርም።

አጨዳ አልቆ ትራክተሩ ለወራት ሲቆም የኔጋቲቩን ሽቦ ፈትቶ መተው፣ በየወሩም ባትሪውን ማስሞላት ይሻላል። ባዶውን የከረመ ባትሪ ውስጡ ስለሚደድር ኋላ ቢሞሉትም አይዝም።