ትንሿ ዓለት ወጪ መኪና ለምን ትገለበጣለች?

በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት ከሚታዘዙት ትናንሽ መኪናዎች መካከል ለፍጥነት ያልተሠራች አንዲት ዓይነት አለች። ሮክ ክሮውለር ትባላለች፤ እኛ ዓለት ወጪ ልንላት እንችላለን። አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው መኪና አንድ ዐሥረኛ ያህል ሆና የምትሠራ ሲሆን፣ ተግባሯም በዝግታ እየዳኸች ቋጥኝና ገደላማ ሥፍራ መውጣት ነው። ሞተሯ አራቱንም ጎማዎች ስለሚያዞር ኃይል አያንሳትም። ሆኖም ተዳፋቱን በጎን ስታቋርጥ ወይም ዳገቱ ቀጥ እያለ ሲሄድ በድንገት ተገልብጣ በጀርባዋ ትተኛለች። ለዚህ ችግር ብዙዎች መፍትሔ የሚፈልጉት ከሞተሩ ነው። ፊዚክስ የሚሰጠው መልስ ግን በሁለት ርዝመቶች ንጽጽር ውስጥ ይገኛል።

የመገልበጥ ስሌት

የአንድ አካል ክብደት ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንደተሰበሰበ አድርገን ልንመለከተው እንችላለን። ይህ ነጥብ የስበት ማዕከል ይባላል። ከዚህ ነጥብ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የግንበኛ ቱምቢ አለ ብለን እናስብ። የቱምቢው ክር ጎማዎቹ መሬት በሚነኩባቸው አራት ነጥቦች መካከል እስካረፈ ድረስ መኪናዋ አትገለበጥም። ክሩ ከታችኞቹ ጎማዎች ውጭ በወጣበት ቅጽበት ግን የገዛ ክብደቷ ይገለብጣታል።

መኪናዋ ተዳፋቱን በጎን በምታቋርጥበት ጊዜ ይህ የሚደርስበት ማዕዘን በቀላሉ ይሰላል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ግማሽ ለስበት ማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል የማዕዘኑን ታንጀንት ይሰጣል። ለምሳሌ ክብደቷ 3 ኪሎ ግራም፣ የጎማዎቿ ስፋት 20 ሴ.ሜ፣ የስበት ማዕከሏ ከፍታ 10 ሴ.ሜ የሆነ መኪና እንውሰድ። ታንጀንቱ 10 ለ10 ሲካፈል 1 ስለሚሆን የመገልበጫው ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሞተሩ ኃይል ቦታ እንደሌለው ልብ ይሏል።

ክብደትን ወደ ታች ማውረድ

300 ግራም የሚመዝነው ባትሪዋ ከመሬት 15 ሴ.ሜ ላይ ተቀምጦ ነበር እንበል። ባትሪው ወደ 7 ሴ.ሜ ቢወርድ የስበት ማዕከሉ በ0.8 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል፤ የመገልበጫው ማዕዘንም አንድ ግራም እንኳ ሳይጨመር ወደ 47.4 ዲግሪ ከፍ ይላል። ቀጥሎም በየቸርኬው ውስጥ 100 ግራም የሚመዝን የናስ ቀለበት ቢገባና የቸርኬዎቹ መካከል ከመሬት 5 ሴ.ሜ ላይ ቢሆን፣ የስበት ማዕከሉ ወደ 8.7 ሴ.ሜ ይወርዳል፤ ማዕዘኑም ወደ 49 ዲግሪ ይጠጋል። ያው 400 ግራም 20 ሴ.ሜ ከፍታ ባለው ጣሪያ ላይ ቢጫን ግን ማዕዘኑ 43.7 ዲግሪ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ ወሳኙ የተጨመረው ክብደት መጠን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ሞላውም የራሱ ድርሻ አለው። ለስላሳ ሞላ ጎማዎቹ ወጣ ገባውን እየተከተሉ መሬት እንዳይለቁ ይረዳል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ግን የመኪናዋ አካል ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት የስበት ማዕከሉ 1 ሴ.ሜ ብቻ ወደ ታችኛው ጎማ ቢጠጋ፣ 49 የነበረው ማዕዘን ወደ 46 ዲግሪ ይመለሳል፤ በናስና በባትሪ ከተገኘው ትርፍ አብዛኛው ይጠፋል ማለት ነው።

ሽቅብና ቁልቁል

ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ በስፋቱ ግማሽ ፈንታ የሚገባው ከኋላ ጎማ እስከ ስበት ማዕከሉ ያለው ርቀት ነው። ከፊት እስከ ኋላ ጎማ 32 ሴ.ሜ ቢሆንና የስበት ማዕከሉ መሐል ላይ ቢገኝ ማዕዘኑ 61.5 ዲግሪ ይሆናል። ክብደቱ 3 ሴ.ሜ ወደ ፊት ቢገፋ 65.4 ዲግሪ ይደርሳል። ነገር ግን ያችው መኪና ቁልቁል ስትወርድ ማዕዘኗ 56.2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለዳገት የተገኘው ጥቅም በቁልቁለት ዋጋ ይከፈልበታል።

አነዳዱም ከዚህ ያልተናነሰ ነው። በ45 ዲግሪ ዳገት ላይ ያለች መኪና ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር ብትገፋ፣ በ52 ዲግሪ ዳገት ላይ የቆመች ያህል ወደ ኋላ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ዓለት ወጪዎች በዝግታ የሚዳኹት ስለዚህ ነው።

መንሸራተት ወይስ መገልበጥ?

መኪና ሁልጊዜ አትገለበጥም፤ አስቀድማ ልትንሸራተትም ትችላለች። በጎማና በዓለት መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.8 ቢሆን መኪናችን ገና በ39 ዲግሪ ገደማ ትንሸራተታለች። የተሻለ በሚጨብጥ ጎማ ሰበቃው ወደ 1.2 ቢያድግ ግን መንሸራተቱ እስከ 50 ዲግሪ ስለሚዘገይ መገልበጡ ይቀድማል። እንግዲህ የስበት ማዕከሉን ሳያወርድ ጎማውን ብቻ የለወጠ ሰው መንሸራተትን በመገልበጥ ለወጠ ማለት ነው።

ከ2004 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በማርስ ላይ የሠራችው የናሳ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የተሠራችው በማናቸውም አቅጣጫ 45 ዲግሪ ብታዘነብል እንዳትገለበጥ ሆና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 32 ዲግሪ በደረሰ ዳገት ላይ ጎማዎቿ 20 ሜትር ያህል የሚያስኬድ ዙር ዞሩ፤ እርሷ ግን ወደ ፊት የሄደችው 9 ሴ.ሜ ገደማ ነበር። የተንሸራተተች ተሽከርካሪ ሌላ መንገድ ልትሞክር ትችላለች፤ በማርስ ላይ የተገለበጠችን ግን የሚያነሣ የለም።

ይህ ንጽጽር በአሻንጉሊት አይወሰንም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል መኪናዎች አንሥቶ የመገልበጥ አደጋን ሲመዝን የተነሣው ከዚሁ ቁጥር ነው። በአገራችንም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚከመር እያንዳንዱ ጆንያ የስበት ማዕከሉን ወደ ላይ ይስባል፤ ከታች የተሳፈሩት ሰዎች ደኅንነትም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ተማሪዎች ይህንን በአንድ ጣውላ፣ በፕሮትራክተርና በማናቸውም የአሻንጉሊት መኪና ሊፈትኑ ይችላሉ። መኪናዋን በጣውላው ላይ በጎን አቁሙ፤ እንዳትንሸራተት ከታችኞቹ ጎማዎች ሥር ቀጭን ስንጥር ለጥፉ፤ ከዚያም የላይኞቹ ጎማዎች እስኪነሡ ድረስ ጣውላውን ቀስ እያላችሁ አንሡ። የስፋቱን ግማሽ ለተነበበው ማዕዘን ታንጀንት ብታካፍሉ በዓይን የማይታየውን የስበት ማዕከል ከፍታ ታገኛላችሁ።