የሠራተኛ ስምና የአደባባይ ፍርድ

ዳኝነት በአደባባይ ይሁን ማለት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር፥ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፥ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። ሕዝብ የሚሰማው ዳኛም ለማዳላት ይፈራል። ይኸው ሕዝብ ግን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያለ ይተርታል። የፍርድ ግልጽነትና የሰው ስም በአንድ ችሎት ሲገናኙ የትኛው ይቅደም? ጥያቄው በተለይ በአሠሪና በሠራተኛ ክርክር ይከብዳል።

ነገሩን በዚህች በጅቡቲ ከተማ እንመልከተው። ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚህ በመኪና ነጂነትና በቤት ሠራተኝነት እንጀራቸውን ይበላሉ። ከተማይቱ ትንሽ ስለ ሆነች ማን ማንን እንደ ከሰሰ ቶሎ ይሰማል። እንበልና አንዲት የቤት ሠራተኛ ደመወዟ ቢቀርባት፥ ወይም አሠሪዋ ክብሯን የሚነካ ነገር ቢያደርስባት፥ ወደ ዳኛ ለመሄድ ስታስብ የምትፈራው መሸነፍን ብቻ አይደለም። ብታሸንፍም እንኳ «ከሳሽ ናት» ተብላ የሚቀጥራት እንዳታጣ ትሰጋለች።

ሕግ አውጪዎች ይህን ችግር ፈጽሞ አልዘነጉትም። ጅቡቲ በፈረንሳይ ግዛት ሥር ሳለች፥ በ1952 እ.ኤ.አ. ለባሕር ማዶ ግዛቶች የወጣው የሥራ ሕግ የሥራ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ከዳኛው ጋራ ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች ወገን የተመረጡ ረዳቶች ይቀመጡ ነበር። ባለጉዳዮቹ ለዕርቅ ሲቀርቡ በዝግ ይነጋገራሉ፤ ዕርቁ ካልተሳካ ግን ክርክሩ በግልጽ ችሎት ይሰማል። ጅቡቲም በ1977 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፥ በ2006 እ.ኤ.አ. የራሷን የሥራ ሕግ አውጥታለች።

በቀድሞው ዘመን በችሎት የተሰማ ወሬ ውሎ አድሮ ይረሳ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት የወጣ ፍርድ ግን አይረሳም፤ አዲሱ አሠሪ ስሙን ጽፎ ወዲያው ያገኘዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥራ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ከነስሙ በኢንተርኔት ይወጣል። ዳኛው በቂ ምክንያት ሲያይ ስም እንዲሸፈን ያዛል፤ ነገር ግን ለፍርድ ግልጽነት ሙሉ ክብደት መስጠት አለበት። በፈረንሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ፍርድ ለሕዝብ ሲቀርብ የግለሰቦች ስም አስቀድሞ እንዲወጣለት ያዛል። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ ስለ ተከሰሱ ሰዎች በሚናገረው በአንቀጽ 20 ደግሞ፥ ችሎት የሚዘጋው የባለጉዳዮችን የግል ሕይወት፥ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው። ስምን መሸፈንና ፍርድን መሸፈን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባው የተፈጸመውን ነገር፥ የተጠቀሰውን ሕግና ዳኛው የፈረደበትን ምክንያት ነው። ይህ ሲገለጽ ሌላው ሠራተኛ መብቱን ይማራል፤ ዳኛውም ይጠነቀቃል። የተበደለችው ሴት ስም ቢቀር ከዚህ ትምህርት አንዳች አይጎድልም። ክሱ ያልተረጋገጠበት ሰውም ስም እንዳለው አይዘንጋ።

አንድ ድርጅት ግን ስላፈረ ብቻ ስሙ ሊሸፈንለት አይገባም፤ ያለዚያ መጋረጃው ለደካማው መጠለያ መሆኑ ቀርቶ ለበደለኛው መደበቂያ ይሆናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 190ኛው ስምምነትም በሥራ ቦታ ጥቃት ጉዳይ የሰዎች ምስጢር በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ፥ ይኸው ጥበቃ ግን ያለ አግባብ እንዳይሠራበት አብሮ ያዛል።

ስለዚህ ዳኛው በየጉዳዩ «የትኛው ቃል ቢሸፈን ሰውን ያድናል? የትኛውስ ቢሸፈን እውነትን ይቀብራል?» ብሎ ሊመረምር ይገባል። ባለጉዳይም ስሙ እንዳይገለጽ የሚሻ ከሆነ ፍርዱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ለዳኛው ያመልክት። ከወጣ በኋላ መመለስ ያስቸግራልና።