የትንሽ ንግድ ባለቤት በጽሑፍ ደንበኛ ስለሚያገኝበት መንገድ

እንደሚታወቀው ንግድ ያለ ገዢ አይቆምም፤ ገዢም የሚፈልገው ነገር የት እንዳለ ሳያውቅ አይመጣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ለማስታወቂያ የሚከፍለው ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሥራውን ለሩቅ ገዢ በምን መንገድ ሊያስታውቅ እንደሚችል ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ደብረ ወርቅን መርጠናል።

ከቆዩት የንግድ ማስታወቂያዎቻችን አንዱ የጠላ ቤት ምልክት ነው። ጠላ ሻጪቱ በደጃፏ እንጨት ተክላ በጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ትደፋበታለች። መንገደኛው ፊደል ባይቆጥርም ምልክቱን አይቶ ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የሚናገረው በደጅ ለሚያልፍ ሰው ብቻ ነው። ደብረ ወርቅ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች መንገደኛ አታጣም፤ ነገር ግን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚኖረው ተወላጇ ምልክቱን ሊያይ አይችልም። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ጠላ መኖሩን እንጂ ጠላው ጥሩ መሆኑን አይገልጽም።

እነዚህን ሁለት ጉድለቶች የሚሞላ ዘዴ በዚያው በጎጃም አለ። የቅኔ መምህር በደጁ ምልክት አይተክልም፤ ሆኖም ተማሪው ስንቁን ይዞ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ይመጣበታል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ምክንያቱም ከመምህሩ ዘንድ የወጣ ተማሪ የሰማውን ቅኔ በሌላ ደብር ያሰማል፤ የሚያዳምጠውም ሰው የመምህሩን ሙያ ከዚያው ከቅኔው ይመዝናል። እዚህ ላይ ማስታወቂያውና ሥራው አንድ ሆነዋል ማለት ነው።

ይህን ወደ ንግድ ስንመልሰው የሸማኔውን ሥራ እንውሰድ። ዛሬ ጥበብ መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ በየገበያው በርካሽ ይሸጣል። ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ የሚጎዳው ግን ሸማኔውና ጥጥ የምትፈትለው ሴት ናቸው። እንግዲህ ሸማኔው፣ ወይም መጻፍ የሚችል ልጁ፣ በእጅ ስልኩ በቴሌግራም በየሳምንቱ አንድ አጭር ጽሑፍ ከፎቶግራፍ ጋር ቢያወጣ ምን ይጽፋል? «ሸማዬ ምርጥ ነው» ቢል ማንም አያምነውም። ይልቁንም ድር በርዝመት፣ ማግ በአግድም የሚገባ መሆኑን፤ የእጅ ፈትል ውፍረቱ አንድ ወጥ እንደማይሆን፣ የፋብሪካ ክር ግን አንድ ወጥ እንደ ሆነ፤ ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለ ሆነ የዋጋቸው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ቢያስረዳ፣ አንባቢው ሳይገዛም ይጠቀማል። ይህም እህል ሻጭ ከስፍሩ በላይ እንደሚጨምረው ምርቃት ነው፤ ልዩነቱ ግን ይኸኛው ምርቃት ከሽያጩ መቅደሙ ነው።

ሙያን መግለጥ ተፎካካሪን ማስተማር ነው የሚሉ አይታጡም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ስለ ሽመና ማንበብ ሸማኔ አያደርግም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ገዢ ግን ያደርጋል። እንዲህ ያለው ገዢ ሲበዛ የሚጠቀመው ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ ነው።

ጽሑፉ ፍሬ እንዲሰጥ ግን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። መጀመሪያ አለማቋረጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ የቀረ ነገር ሱቁ የተዘጋ ያስመስላል። ቀጥሎ ዋጋው፣ ሥራው የሚፈጀው ቀንና ዕቃው የሚላክበት መንገድ በግልጽ መነገር አለበት። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሩቅ ያለ ገዢ በስልኩ ሊከፍል ስለሚችል፣ የቀረው ችግር የገንዘቡ መላኪያ ሳይሆን መተማመን ነው። ሦስተኛውና ዋናው እውነተኝነት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ነገር ግን ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ በፎቶግራፍ ያየው አንድ፣ የደረሰው ሌላ የሆነበት ገዢ ሁለተኛ አይመለስም፤ ለዘመዶቹም ይናገራል።

የዚህን መንገድ ድካም መሰወር አይገባንም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ንግዱን ሁሉ በዚያ ላይ የጣለ ሰው በአንድ ቀን ከደንበኞቹ ይለያል። ስለዚህ የደንበኞቹን ስም፣ የስልክ ቁጥርና ያዘዙትን ዕቃ በደብተር መዝግቦ መያዝ፣ ለአውቶቡስ መንገደኛ የሚሰጥ አጭር ወረቀትም ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ምልክት የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ይጠራል፤ ጽሑፍ ደግሞ በሩቅ ያለውን ሰው አስተምሮ ያቀርባል። ጽሑፉ ያቀረበውን ሰው ደንበኛ አድርጎ የሚያቆየው ግን በጽሑፉ የተባለው በዕቃው ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። የንግድ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን በየወረዳቸው ያሉትን ባለሙያዎች ቢጠይቁና ለመጻፍ ለሚቸገሩትም በክረምት ዕረፍታቸው ቢያግዙ፣ ለጥናታቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።