ማዘዣው በእጄ፣ መድኃኒቱስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እኔ ግን በሽታዬን አልደበቅኩም ነበር። ሐኪም አይቶታል፣ ስሙን ጽፎታል፣ ማዘዣውንም በእጄ ሰጥቶኛል። የደበቅኩት ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን ለመግዛት ገንዘብ እንደሌለኝ። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ይህ መደበቅ ምን እንዳስከፈለኝ፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት ከለቀቅን በኋላ በመድኃኒት ወጪ ሊያግዙን የሚችሉት በሮች የትኞቹ እንደሆኑ ነው።

ነገሩ የሆነው ህዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። ህዳር ሲታጠን! እንደሚታወቀው በ1911 ዓ.ም የህዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኗል። በሽታን ለማባረር የሚነሳው ጭስ ታዲያ እንደ እኔ አስም ላለበት ሰው ራሱ በሽታ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ጭሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣልን። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረቴ ያፏጭ ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጤና መድን ካርዷን ከቁም ሳጥን አውጥታ፣ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

እዚያ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጥቶኝ ትንፋሼ ተመለሰ። ሂሳብ ላይ ግን ነገር መጣ። ካርዱን የተቀበለችው ሠራተኛ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና፦

«እናቴ፣ የልጁ ስም እዚህ ላይ የለም» አለች።

«እንዴ! ከእናቱ ካርድ ላይ የልጅ ስም የት ይሄዳል?»

«አሥራ ስምንት ሞልቶታል እኮ። ካርዱ ሲታደስ ወጥቷል።»

እውነቷን ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ በዚያው ክረምት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ቤት ቁጭ ብዬ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። ተማሪ አልባልም፣ ሠራተኛም አይደለሁም፤ ለጤና መድኑ ደግሞ ልጅም አይደለሁም። ማንም ሳይነግረን፣ እኛም ሳንጠይቅ ስሜ ወጥቶ ነበር።

ያን ሌሊት እናቴ ከፍላ ወጣን። በማግስቱ ሁለት መድኃኒት የተጻፈበትን ማዘዣ ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ የሁለቱን ዋጋ ደምራ ነገረችኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። «ሁለቱንም ልስጥህ?» ስትለኝ ከኋላዬ ሰልፍ ነበርና አፈርኩ። «አይ፣ ሁለተኛው ቤት አለኝ» አልኳት። ቤት ምንም አልነበረኝም።

በኋላ እንደተረዳሁት የተውኩት መድኃኒት ዋነኛው ነበር። የገዛሁት ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ቶሎ ይከፍታል፤ ስለዚህ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ያልገዛሁት ቤክሎሜታሶን ግን በየቀኑ የሚወሰድ ሆኖ የቧንቧውን እብጠት ቀስ በቀስ የሚቀንስ መከላከያ ነው። አንዱ እሳት ያጠፋል፣ ሌላው እሳቱ እንዳይነሳ ያደርጋል እንደ ማለት ነው። መከላከያውን ትቶ ማስታገሻውን ብቻ የሚስብ ሰው ተመልሶ መታመሙ አይቀርም። እኔም በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ሁለት ቀን ተኛሁ። እናቴ ከጎረቤት ተበድራ ከፈለች። ነርሷ «መከላከያውን እየወሰድክ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ሐቁን ነገርኳት። «ታዲያ ወንድሜ፣ ለምን ያን ጊዜ አልተናገርክም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሜ ለምን ወጣ?

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አገራችን ውስጥ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነው። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ዘግይቶ ነው። የተዘጋጀው ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው፣ ለገበሬው፣ ለጉልት ነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው ነው። አባል የሚሆነው ደግሞ ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይካተታሉ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ቤት ውስጥ ቢኖርም በዚያ መዋጮ አይቆጠርም፤ በተጨማሪ ክፍያ ግን ሊመዘገብ ይችላል። ቁም ነገሩ ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት። እኔ ከካርዱ የወጣሁት መብት አጥቼ ሳይሆን ተጨማሪውን የሚያስመዘግበኝ ሰው ጠፍቶ ነው።

«ታዲያ ለምን ሰው ሲታመም ሄዶ አይመዘገብም?» ትሉ ይሆናል። እናቴም ይህንኑ ነው የጠየቀችው። መልሱን ለማግኘት እድርን ማሰብ ይበቃል። እድር የሚዋጣው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። ሁሉም ሐዘን ሳይደርስበት በየወሩ ስለሚያዋጣ ነው ድንኳኑም ንፍሮውም በሰዓቱ የሚደርሰው። ጤና መድንም እንዲሁ ነው። የታመመ ብቻ ገብቶ ጤነኛው ውጪ ከቀረ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ምዝገባና እድሳት የሚካሄድበት የታወቀ ወቅት አለ። የዚያ ዓመቱ ስላለፈን እስከሚቀጥለው መጠበቅ ግድ ሆነብን።

በሩ የት ነው?

የመጀመሪያው በር የምትኖሩበት ወረዳ ነው። ወረዳው ውስጥ ጤና መድንን የሚከታተል ባለሙያ አለ። ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነ የቤተሰቡን ካርድ፣ የነዋሪነት መታወቂያችሁንና ፎቶግራፍ ይዛችሁ «18 ዓመት ሞልቶኛል፣ በተጨማሪ አባልነት መመዝገብ እፈልጋለሁ» በሉ። የመዋጮው መጠን በየጊዜው ስለሚሻሻል ዋጋውን ከጎረቤት ሳይሆን ከወረዳው ጠይቁ።

ሳሪስ ወይም ላፍቶ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩና ከወላጅ የተለያችሁ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። ያን ጊዜ መመዝገብ ያለባችሁ ራሳችሁን እንደቻለ ቤተሰብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከክፍለ ሀገር መጥተው የሚማሩ ጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መታወቂያውን ሳይታመሙ መጨረስ ይሻላል።

መዋጮውን ጭራሽ መክፈል የማይችልስ? ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። እነማን መሆናቸው የሚለየው በወረዳ ደረጃ፣ ነዋሪው በሚሳተፍበት መንገድ ነው። ይህ በር ለድሃ ብቻ የተከፈተ ቢሆንም ችግሩን ያልተናገረ ሰው ሳይመረጥ ሊቀር ይችላል። «ይሉኝታ» የምንላት ነገር እዚህ ጋ ትጎዳናለች።

ተቀጥራችሁ ደመወዝ መብላት ከጀመራችሁ ግን ይህ ካርድ ለእናንተ አይደለም። ለደመወዝተኛ ታስቦ የወጣው በ2002 ዓ.ም የታወጀው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ነው። ስለዚህ የሥራ ውል ስትፈርሙ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። «ድርጅቱ ህክምናና መድኃኒት ይሸፍናል ወይ? እስከ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካርዱ ምን ይሸፍናል?

ካርድ ያለው ሰው ውል በተገባበት የመንግሥት ጤና ተቋም ተመርምሮ፣ የላቦራቶሪና የመኝታ አገልግሎት አግኝቶ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን መድኃኒት በእጁ ሳይከፍል ይወስዳል። መነሻው ግን ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የውበት ቀዶ ህክምና፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ህክምና አይሸፈኑም።

ትልቁ ችግር ካርድ ኖሮ መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲጠፋ ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ስትባሉ ሮጣችሁ አትውጡ። መጀመሪያ እዚያው ያለውን የጤና መድን ባለሙያ «በውል የምትሠሩት ሌላ መድኃኒት ቤት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውጭ ከገዛችሁም የማዘዣውን ቅጂና ደረሰኙን አትጣሉ። ወረቀት የሌለው ሰው ቆይቶ ቢጠይቅ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ካርድ ለሌለው

ሁለተኛው በር ካርድ የማይጠየቅበት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወሊድ አገልግሎትና ክትባት በነጻ ይሰጣሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ይዞት «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ወጣት ካለ ይህን ንገሩት። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱን ገንዘብ ሳይከፍል ያገኛል።

መድኃኒት ቤት ስንቆም

ሦስተኛው በር ራሱ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንደኛው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የመድኃኒቱ ስም ሲሆን ሁለተኛው ፋብሪካው የሚያወጣለት የንግድ ስም ነው። ለምሳሌ ሳልቡታሞል የመድኃኒቱ ስም ነው፣ ቬንቶሊን ደግሞ የንግድ ስም። ፓራሲታሞልና ፓናዶልም እንዲሁ ናቸው። ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ሆኖ ዋጋው በንግድ ስሙ ምክንያት ሊለያይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም የተዘጋጀው በመድኃኒቶቹ ስም እንጂ በፋብሪካ ስም አይደለም። ስለዚህ «እህቴ፣ ይሄው ራሱ መድኃኒት ከሌላ ፋብሪካ ዋጋው ቀለል ያለ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዋጋም ከቦታ ቦታ ይለያያል። መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን ወይም የሆስፒታሉን መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ቀጥሎ በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉት የከነማ መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች አሉ። የግሉን በመጨረሻ።

ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ የትኛው እንደሚቀር ራሳችሁ አትወስኑ። እኔ ወስኜ አይቼዋለሁ። በየቀኑ የሚወሰድ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ከሆነ የሁለት ሳምንቱን ገዝቶ መመለስ ይቻል ይሆናል። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ግን ግማሹን ገዝቶ ማቆም በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። ይህን የሚያውቁት ያዘዘው ሐኪምና የሚሰጠው ባለሙያ ናቸው። ገና ማዘዣው ሲጻፍ «ዶክተር፣ ይህን ያህል ነው ያለኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ማለት ነው።

ለማጠቃለል

በሚቀጥለው ምዝገባ እናቴ ወረዳ ይዛኝ ሄዳ ተጨማሪውን ከፍላ ስሜን አስገባች። መከላከያውን ያለማቋረጥ መውሰድ ከጀመርኩ ወዲህ ሌሊት ጤና ጣቢያ ሄጄ አላውቅም። ህዳር 12 ግን ዛሬም መስኮት ዘግቼ ነው የማሳልፈው።

ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ መጠየቅን ነው። ያን ቀን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አንዷን እንኳ ብጠይቅ ኖሮ እናቴ አትበደርም ነበር። አብዛኞቻችን 18 አልፎናል። ብዙዎቻችን ደግሞ ስማችን የት እንዳለ አናውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የጤና መድኑን ካርድ አስወጡና ስማችሁን ፈልጉ። ከሌለ ነገ ወረዳ ሂዱ።

ቸር እንሰንብት!