ተጨማሪ መረጃ፦ ቁስሉ የማይታይ ጥቃት

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ገበያ ላይ ጀበና፣ ድስትና እንስራ ተደርድሮ አይታችሁ ይሆናል። በሀዲያና በከምባታ ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ ከእነሱ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ቡናው የሚፈላው ግን በእነሱ ጀበና ነው! ይህ መገለል ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቻቸውን በስድብ ስም መጥራት ይሆናል።

አንድን ልጅ የቤተሰቡን ሙያ፣ መልኩን ወይም የአካል ጉዳቱን እያነሱ ማሸማቀቅ፣ ከጨዋታ ማስወጣት፣ አብሮት ላለመቀመጥ መሸሽ ሥነ ልቦናዊ ጥቃት ይባላል። ብዙ ጊዜ «ቀልድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቀልድ ቢሆን ቀላጁም የሚቀለድበትም ይስቁ ነበር፤ «ተው» ሲባልም ቀላጁ ያቆም ነበር። በኖርዌይ በተማሪዎች መካከል በሚፈጸም ጥቃት ላይ ጥናት ያካሄደው ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ ለእንዲህ ያለ ጥቃት ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና ተጠቂው ራሱን ለመከላከል መቸገሩ።

የምትሰደቡት እናንተ ከሆናችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። «በስሜ ጥራኝ» ብላችሁ ራቁ፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት መምህር ወይም ለቤተሰብ ንገሩ። ይህ ማሳበቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም ጭካኔ ይጠብቃል። ሌላው ሲሰደብ ካያችሁ ደግሞ አትሳቁ፤ ሰዳቢውን የሚያበረታው የተመልካች ሳቅ ነው። ሄዳችሁ ከተሰደበው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ።

ሞክሩት፦ ለአንድ ሳምንት በዕረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቀመጥ ተማሪ መኖሩን አስተውሉ። ስም ሳትጽፉ ያያችሁትን መዝግቡና ከመምህራችሁ ጋር ተወያዩበት።