ዲጂታሉ መዝገብ ቤት፦ የኢሜይልና የካላንደር ሶፍትዌሮች አሠራር

በወረቀት በሚሠራ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ባለጉዳዩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል፤ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ በገቢ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፣ ኃላፊው በኅዳጉ ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፣ ቀጠሮ የሚያሻው ከሆነም ጸሐፊዋ በቀጠሮ ደብተሯ ትይዘዋለች። ኢሜይል እነዚህን እጆች ሁሉ ዘሎ በቀጥታ ተቀባዩ ፊት የሚደርስ በመሆኑ ፍጥነት ቢያስገኝም፣ የመዝገብ ቤቱን፣ የኃላፊውንና የጸሐፊዋን ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጥሎታል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በአርፓኔት መረብ የመጀመሪያውን የኢሜይል መልእክት ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲልክ መረቡን የሚጠቀሙት ጥቂት ተመራማሪዎች ስለነበሩ፣ መዝገብ ቤት የሚያስፈልገው የደብዳቤ ብዛት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የኢሜይልና የካላንደር መሣሪያዎች ግን፣ ስማቸውና መልካቸው ቢለያይም፣ በአመዛኙ የጎደለውን መዝገብ ቤት በሶፍትዌር ለመተካት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ቀዳሚው ጥያቄ ደብዳቤው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1986 የነደፈው አይማፕ የተባለ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት ደንብ፣ ደብዳቤዎቹ አገልግሎቱን በሚሰጠው ሰርቨር ላይ እንዲቆዩና ተጠቃሚው ከየትኛውም መሣሪያ እንዲያያቸው ያደርጋል፤ ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር የተነበበ ደብዳቤ ታክሲ ውስጥ በስልክ ሲታይ «የተነበበ» ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በ1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቅ ያለው ጂሜይል ደግሞ ደብዳቤን በፎልደር ከማሰር ይልቅ መለያ መለጠፍን አስለመደ፤ ወረቀት በአንድ ፋይል ብቻ ሲታሰር፣ አንድ ኢሜይል ግን «ግዥ»፣ «ፋይናንስ» እና «አስቸኳይ» የሚሉ ሦስት መለያዎችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል።

ብዙ ተጠቃሚ የማይነካው፣ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ድካም የሚቀንሰው ክፍል ማጣሪያው ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ ሲቭ የሚባል አነስተኛ የኮምፒዩተር ቋንቋ አለ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ወንፊት ማለት ሲሆን፣ በሶፍትዌር ዓለም ከሥራው ጋር ይህን ያህል የገጠመ ስም ብዙ አይገኝም። በሲቭ የሚጻፍ መመሪያ ሁለት አካላት አሉት፤ አንደኛው ቅድመ ሁኔታ ሲሆን፣ ለምሳሌ በደብዳቤው ርእስ ላይ «ጨረታ» የሚል ቃል ከተገኘ ይላል፤ ሁለተኛው ድርጊት ሲሆን፣ ደብዳቤውን በተወሰነ ፎልደር አስቀምጥ፣ ለሌላ አድራሻ ምራ ወይም አስወግድ ይላል። መመሪያው የሚፈጸመው በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ተጠቃሚው ስልኩን ቢያጠፋም ምደባው አይቋረጥም፤ ቋንቋው አንድን ትእዛዝ እየደጋገመ የሚያስኬድበት ስልት ሆን ተብሎ የተነፈገውም የአንድ ሰው የተሳሳተ መመሪያ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ የጋራውን ሰርቨር እንዳያጨናንቅ ነው። ከመመሪያዎቹ አንዱም ያልነካው ደብዳቤ በኢንቦክስ፣ ማለትም በገቢ መልእክት ሳጥን፣ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። አደጋው ያለው ሰፋ ተደርጎ በተጻፈ መመሪያ ላይ ነው፤ «ጨረታ» የሚለውን ሁሉ ወደ ፎልደር የሚልክ መመሪያ፣ ጨረታው ነገ እንደሚዘጋ የሚያሳስበውንም ደብዳቤ አብሮ ከዓይን ያርቀዋል።

ደብዳቤን ለጊዜው ከኢንቦክስ አውጥቶ በተወሰነለት ቀንና ሰዓት መልሶ የሚያመጣው የማዘግያ ስልት፣ በመዝገብ ቤት «ለክትትል» ተብሎ ከሚቀመጠው ጋር የሚመሳሰል ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የተዘገየ ደብዳቤ ግን ቀን ተቆርጦለት ካላንደር ውስጥ መግባት የነበረበት ሥራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

የተለያዩ ኩባንያዎች ካላንደሮች ቀጠሮ የሚለዋወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2009 በታደሰው፣ አይካላንደር በሚባል የጋራ ደረጃ አማካይነት ነው። በኢሜይል የሚደርሰው የስብሰባ ጥሪ ውስጡ ሲታይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት፣ ቦታ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ተጋባዥ ስም ጎን ገና አልመለሰም፣ ተቀብሏል፣ አልተቀበለም ወይም አልወሰነም የሚል ሁኔታ ይጻፍበታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጡት ግን ለተጠቃሚው የማይታዩት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ቀጠሮው ከሌላው የማይጋራው መለያ ቁጥር ሲሆን፣ ሌላው ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደተሻሻለ የሚቆጥር ነው። አዘጋጁ ስብሰባውን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ሲያዛውረው መለያ ቁጥሩ ሳይለወጥ ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ የተቀባዩ ካላንደር አዲስ ቀጠሮ ከመጨመር ይልቅ አሮጌውን ያርመዋል። ደብዳቤን በቁጥርና በቀን የሚጠቅሰው የመሥሪያ ቤት ልማድ እዚህ ላይ በሌላ መልክ ተመልሷል።

ጥሪው ድንበር ሲሻገር ደግሞ የሰዓት ልዩነት ይመጣል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ዋሽንግተን ግን ሰዓቷን በማርች በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ በኖቬምበር ስለምትመልስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። በመሆኑም በዋሽንግተን ሁልጊዜ ጠዋት 9፡00 የሚደረግ የማኅበር ስብሰባ፣ አዲስ አበባ ላለው አባል በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር በጃንዋሪ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በጁላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውላል። ይህ ስሌት የተቃና የሚሆነው ጥሪው የሰዓት ልዩነቱን ሳይሆን የሰዓት ቀጠናውን ስም ይዞ ሲላክ ነው፤ ልዩነቱን በቃሉ ይዞ 11 ሰዓትን የሚጠብቅ አባል፣ ማርች ላይ ስብሰባው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይገባል።

የወርና የዓመት አቆጣጠር ሲለያይ ችግሩ ይብሳል። «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ተብሎ የተመዘገበ የእንቁጣጣሽ ማስታወሻ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ይሳሳታል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበርና። ከግሪጎርያን ውጭ ባሉ አቆጣጠሮች የሚደጋገሙ ቀኖችን ለመግለጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአይካላንደር የማሟያ ደንብ የወጣ ሲሆን፣ በደንቡ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ የኢትዮጵያን 13ኛ ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ከሴፕቴምበር 6 ቀን 2013፣ ማለትም ከጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ እንዲመዘገብ የሚያደርግ ነው። ደንቡ እንዲሠራ ግን የላኪውም የተቀባዩም ሶፍትዌር ሊያውቀው ይገባል።

የታወቁት ካላንደሮች ሰዓትን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ስለሆነ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ የሚመዘገበው 9፡00 ተብሎ ነው፤ ተጋባዦች እንዳይሳሳቱ በቀጠሮው ርእስ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጨመርም ጠቃሚ ዘዴ ነው። ሆኖም ርእስ ለሶፍትዌሩ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ቀጠሮው በአንድ ሰዓት ሲገፋ የተመዘገበው ሰዓት በሁሉም ተጋባዦች ካላንደር 10፡00 ሲሆን፣ ርእሱ ግን አዘጋጁ በእጁ ካላረመው በስተቀር «ጠዋት 3 ሰዓት» እንዳለ ይቀራል።